ሕመሜን በራሴ አፍ የተናገርኩበት መስቀል

ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ላም ጻፉ ተብለን አራት መስመር ጽፌ ነበር፤ እሱን ካልቆጠርነው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት በዚያው ዓመት ስለሆነ ፊደል የገደፍኩበት ቦታ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጻፊ ያለችኝ ሀና ናት። ሀና ማን እንደሆነች ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። "እኔ እኮ ሰው ፊት መናገር አልችልም" ብላት፣ "ለዚህ አይደል እንዴ ጻፊ የምልሽ!" አለችኝ። የምጽፈውም እንደ እኔ ሕመማችሁን ሌላ ሰው የሚናገርላችሁ ካላችሁ ይጠቅማችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።

ወይንሸት እባላለሁ። የምኖረው ቡታጅራ ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ አስካለ ትባላለች፤ እኔ እቴቴ ነው የምላት። በርበሬ ነጋዴ ናት። የመስቃን ገበሬዎች በጋሪ የሚያመጡትን በርበሬ እናሰጣለን፣ እንቀነጥሳለን፣ እንሸጣለን። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ የማየው በርበሬውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። እቴቴ ደግሞ ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ አላት። ይህን በመጻፌ አትቀየመኝም፤ ራሷም የምትለው ነው።

ሕመሙ በእጄ ጀመረ። ሚዛን ላይ በርበሬ ስጨምር እጄ ይንቀጠቀጥና ሁልጊዜ ትርፍ ይገባል። ደንበኞች ይህን ያወቁ ጊዜ "ያቺ ልጅ ትመዝንልን" ማለት ጀመሩ። እቴቴ ራሷን ይዛ "አንቺ ልጅ፣ ሱቁን በእፍኝ እፍኝ አውጥተሽ ልትጨርሽው ነው?" ትለኛለች። ሰው ሲያያት አፍራ ነው ተባለ። ቀጥሎ ላብ መጣ። በርበሬ እየቀነጠሰ የማያልበው ማን አለ ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢ ደርቦ ሲንዘፈዘፍ እኔ በስስ ቀሚስ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። ምግብ ደግሞ እንደ ጉድ ነው የምበላው፤ ቆጮውን በጎመን ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በልቼ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይርበኛል። ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኛል።

ጎረቤታችን "ይቺ ልጅ ፍቅር ይዟታል" አለች።

"በማን? በሚዛኑ?" አለቻት እቴቴ።

ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ልቤ። ቁጭ ባልኩበት ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ስተኛ ትራሱን ሲደበድበው ይሰማኛል። ልቤ ድንገት ቢቆምስ ብዬ እፈራና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሲነጋ ግን ዝም። እንዴት ብዬ ልጀምረው?

እኛ ቤት አንድ ልማድ አለ። ታማሚ ሐኪም ዘንድ ብቻውን አይገባም። ታላቁ ይዞት ይገባል፤ ሕመሙን የሚናገረውም ታላቁ ነው። በተለይ ሴት ልጅ ታላቅ ባለበት "እዚህ ጋ ያመኛል" ብትል ድፍረት ይመስላል። ሐኪሞቹም ስለለመዱት ዓይናቸው አስታማሚው ላይ ነው። የሄድንበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ሐኪሙ እቴቴን እያየ "ምን ሆነች?" አለ።

"ላብ ላብ ይላታል፣ ከስታለች፣ ያቃጥላታል።"

"ትኩሳት አላት?"

"አላት እንጂ!"

አልነበረኝም። ሙቀት ይሰማኛል እንጂ ትኩሳት አልነበረኝም። ግን እቴቴ ያለችውን ሐኪም ፊት እንዴት አድርጌ ሐሰት ነው ልበል? ደሜ ታየና ታይፎይድና ታይፈስ አለባት ተባለ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ እጄ እንደሆነ መንቀጥቀጡን አልተወም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። በኋላ ሳስበው እቴቴ የነገረችው የራሷን ጨጓራ ነው። ሦስተኛው "ብዙ ትበላለች ግን ትከሳለች" የሚለውን ሰምቶ የኮሶ መድኃኒት ሰጠኝ። አራተኛው ደግሞ "ጭንቀት ነው፣ ትንሽ ትዝናና" አለ። እቴቴም ልታዝናናኝ ሠርግ ይዛኝ ሄደች። እኔን ለማዝናናት ሠርግ! ከሙሽሮቹ አጠገብ አስቀምጠውኝ ልቤ ከከበሮው እየቀደመ ዋለ።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። የተነገራቸውን ነው ያከሙት። እቴቴንም አልወቅሳት። ሥራዋን ዘግታ በየክሊኒኩ የተንከራተተችው እሷ ናት።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅሁ። ያኔ እቴቴ "በቃ፣ ወልቂጤ" አለች። ጠዋት በሚኒባስ ተራራውን አቋርጠን ወልቂጤ ሆስፒታል ገባን። መጠበቂያው አዳራሽ ጢም ብሏል። ከእምድብር የመጡ አንድ አዛውንት ላቤን አይተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ብርቱካንም ልጠው ሰጡኝና "ብዪ ልጄ፣ ወረፋ የሚጠበቀው በአቅም ነው" አሉኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ሀናን ያገኘኋት እዚያው ነው። በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ናት፤ ታብሌት ይዛ በየወንበሩ ትዞራለች። እኛ ጋ ደረሰችና "ሆስፒታሉ አንድ የኢንተርኔት ገጽ እያሠራ ነው። ታካሚዎች ቤታቸው ሆነው በስልክ ቀጠሮ ይይዙበታል፣ ውጤታቸውን ያዩበታል፣ ከሐኪም ጋር እየተያዩ ይነጋገሩበታል። ከሚሠሩት አንዷ እኔ ነኝ። ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት እስቲ አሳዩኝ" አለች። እቴቴ ታብሌቱን ተቀበለቻት። "የሚሰማዎትን ይንገሩ" የሚል ነገር አለው፤ በድምፅም በጽሑፍም ይሆናል። እቴቴ የድምፁን ተጫነች።

"ሄሎ! ሄሎ! ዶክተር! ይሰማል?"

"እናቴ፣ እሱ አይመልስም። የሚናገሩት እርስዎ ብቻ ነዎት" አለቻት ሀና።

"እንዲያውም ይሻላል!" አለች እቴቴ፤ ስለ ጨጓራዬም ረጅም ንግግር አደረገች።

ሀና ጨርሳ ከሰማቻት በኋላ "ታማሚዋ እርስዎ ነዎት?" አለች።

"አይ፣ እሷ ናት።"

"እሷ መናገር አትችልም?"

"ትችላለች። አትናገርም እንጂ።"

በዚህ መሃል ካርድ ክፍል ስማችን ተጠራና እቴቴ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሀና አጠገቤ ቁጭ አለች። "መናገር ካልወደድሽ ጻፊው፤ ለሐኪሙ ይደርሰዋል። ማንም አያይሽም" አለችኝ። ፊቷንም ወደ ሌላ አዞረችልኝ። ያ ፊቷን ማዞሯ እስከ ዛሬ ከልቤ አይወጣም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ልቤ ይሮጣል። ቁጭ ብዬም ይሮጣል። እጄ ሰው ሳይኖርም ይንቀጠቀጣል። ሙቀት እንጂ ትኩሳት የለኝም። እበላለሁ ግን እከሳለሁ። ጨጓራው የአክስቴ ነው።"

ስንገባ ዶክተር ሙባረክ የሚባለው ሐኪም ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ እየሳቀ ነበር። እቴቴ ገና "ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ጨጓራዋን..." ስትል "የጨጓራው ባለቤት እርስዎ ነዎት?" አላት።

እቴቴ ደነገጠች። "ማን ነገረዎት?"

ዶክተሩ እጄን ወደ ፊት አስዘርግቶ ጣቶቼ ላይ ወረቀት አስቀመጠ። ወረቀቱ እስክስታ መታ። ውኃ እየዋጥኩ አንገቴን ዳሰሰኝ፤ ደም ታዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ አስረዳን። አንገታችን ሥር ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች፤ የሰውነታችን ሥራ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት። የእኔዋ ከልክ በላይ ትሠራለች። እቴቴ አንገቴን ደጋግማ አየችና "እንቅርት የሚሉት እኮ ያብጣል" አለች። "ሳያብጥም ይታመማል" አላት።

ኪኒን አዘዘልኝ። ቀጥሎ የተናገረውን ለእቴቴ ሳይሆን ለእኔ ነው የተናገረው፣ ዓይኔን እያየ፦ "አንድ ነገር አደራ። ይህ ኪኒን አልፎ አልፎ በአንዳንድ ሰው ላይ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያሳንሳል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ጋር ከመጣብሽ ኪኒኑን አቁሚና በዚያው ቀን ንገሪን። ሲነጋ አይደለም፣ በዚያው ቀን። ካልተናገርሽ ሊገድልሽ ይችላል።" አንገቴን ነቀነቅሁ። "በአፍሽ በይው" አለኝ። "በዚያው ቀን" አልኩ።

መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ክትትሌ በገጹ እንዲሆን ተስማማን። ደሜን ቡታጅራ አሠርቼ የውጤቱን ፎቶ እልካለሁ፤ ሐኪሙ በቪዲዮ ያየኛል። የመጀመሪያው የቪዲዮ ቀጠሮ ላይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቀረሁ። "ወይንሸት፣ ጆሮሽ ጤነኛ ነው፤ አሁን ፊትሽን አሳዪኝ" አለኝ ዶክተሩ። የይለፍ ቃሌን ደግሞ በር ላይ እንደሚጠይቅ ዘበኛ ሐኪሙ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ገና ሰላም ሳልለው ነገርኩት። ሀና በየሳምንቱ ደውላ "የት ጋ ተቸገርሽ?" ትለኛለች። በስልክ ስለሆነ ፊቷን አላይም፤ ስለዚህ አወራታለሁ። "ፕሮፋይል የሚለው ምን እንደሆነ አላውቅም" አልኳት። ምን ቢባል ይሻላል ብላኝ፣ እኔ ባልኳት "ስለ እርስዎ" በሚል ተቀየረ። የበርበሬ ቀንጣሽ ቃል ሆስፒታል ገባ ብዬ ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ሳቅሁ።

በስድስተኛው ሳምንት እጄ ጸጥ አለ። ደንበኞች "ያቺ የምትንቀጠቀጠዋ ልጅ የት ሄደች?" ብለው አዘኑ። ያኔ መስቀል ደረሰ።

እኛ አገር መስቀል ማለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ለማያውቅም አይነገርም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ቤቱ ሞልቶ ሰው ተደራርቦ ይተኛል፤ የቅቤውና የሚጥሚጣው ሽታ መንገድ ድረስ ይወጣል። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬ ምራቅ አላስውጥ አለኝ። ሰውነቴ ይነዳል። ይህ የድሮው ሙቀት አልነበረም፤ እውነተኛ ትኩሳት ነበር። ኪኒኑን እጄ ላይ ይዤ አየሁትና ወደ ዕቃው መለስኩት።

"እቴቴ፣ ትኩሳት አለኝ፤ ጉሮሮዬንም ያመኛል" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ጉንፋን ነው። ሰዉ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይዞት መጥቷል። ዝንጅብል አፈላልሻለሁ።"

"ዶክተሩ ግን..."

"ለበዓል ሐኪም ቤት? እንግዳ ትቼ? ነገ ይሻልሻል።"

ስልኬን አወጣሁና ገጹን ከፈትኩ። የሕመም ዓይነቶች ተዘርዝረዋል። ሐኪም ለመጥራት ልቤ ፈርቶ ስለነበር "ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም" የሚለውን ተጫንኩ። መልስ ወጣ፦ "ሙቅ ነገር ይጠጡ። ዕረፍት ያድርጉ። በሦስት ቀን ካልተሻለዎት ቀጠሮ ይያዙ።"

እቴቴ ትከሻዬ ላይ ሆና አነበበች። "ይኸው! ስልኩም እንደ እኔ ነው የሚለው!"

ዘመዶች ሁሉ ሳቁ። እኔም ስልኩን ላስቀምጥ ነበር። ሐኪም ቤቱ ራሱ ሠርቶ የሰጠኝ ነገር ተኚ እያለኝ፣ ታላቆቼ ተኚ እያሉኝ፣ እኔ ማን ነኝ? ነገር ግን ገጹ የትኛውን ኪኒን እንደምውጥ አልጠየቀኝም። ዶክተሩ "በዚያው ቀን" ብሎኛል፤ እኔም በአፌ ብያለሁ። ከታች "ሐኪም አሁን ያነጋግሩ" የሚል አለ። ተጫንኩት።

የበዓሉን ተረኝነት ለክርስቲያን ባልደረቦቹ ብሎ የወሰደው ዶክተር ሙባረክ ነበር። ፊቱ ብቅ ሲል እቴቴ ቀድማኝ ስልኩ ላይ ተደፋች። "ዶክተር! እንደምን ዋሉ! ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው..."

"እቴቴ" አልኳት። "እኔ ልናገር።"

ጎመን የምትከትፈው የአጎቴ ሚስት ቢላዋዋን አቆመች። ያን ያህል ሰው ሲያየኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መሬቱን እያየሁ ተናገርኩ። "ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ ትኩሳት አለኝ። ጉሮሮዬ አያስውጠኝም። የዛሬውን ኪኒን አልዋጥኩም።"

ፊቱ ተለወጠ። "ጎበዝ። እንዳትውጪው። አሁኑኑ ቡታጅራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ እኔ እደውልላቸዋለሁ። እናቴ፣ ይሰማሉ? አሁኑኑ!"

እቴቴ ሽሮዋን እሳት ላይ ትታ ባጃጅ ልታስቆም ሮጠች። ባንድ እግሯ የእኔን ጫማ፣ ባንዱ የራሷን አድርጋ ነበር።

ነጭ የደም ሕዋሳቴ ጨርሰው ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ለብቻዬ ክፍል አስገብተው በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ስምንት ቀን ተኛሁ። እቴቴ በበዓሉ ዕለት ክትፎ በቅጠል ጠቅልላ መጣች። ነርሷ በር ላይ አስቆመቻት። "ጥሬ ነገር አይቻልም፤ በደንብ የበሰለ ብቻ።" እቴቴ ክትፎውን አየች፣ ነርሷን አየች። "በመስቀል? ለጉራጌ ልጅ?" አለች፤ ወዲያው ግን ወደ ቤት ተመልሳ ክትፎውን እንደ ጥብስ አድርቃው አመጣችው። ጣዕሙን አልነግራችሁም። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየችኝ ስለነበር ሁሉንም በላሁት። እቴቴ አለቀሰች። "ዝንጅብል ልሰጥሽ ነበር እኮ" አለች። ሌላ አላለችም።

ነገሩን ሀና ስትሰማ ከወልቂጤ ድረስ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ጉንፋን የሚለውን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። ከወጣሁ በኋላ ገጹን የሚሠሩት ሁሉ ተሰብስበው እንድነግራቸው ጠሩኝ። ሰባት ሰው ነበር፤ እኔ የነገርኩት ግን ለጠረጴዛው ነው። ሁለት ነገር አልኩ። አንዱ፣ ገጹ ምክር ከመስጠቱ በፊት ሰውየው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ይመልከት። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ የሚናገረው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። አሁን የእኔን ዓይነት ኪኒን የሚወስድ ሰው ጉንፋን ሲል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፦ "ትኩሳት አለዎት? ዛሬውኑ ሐኪም ያነጋግሩ።" ገና ሲከፈትም "አሁን የሚናገረው ማን ነው? ታማሚው ወይስ አስታማሚው?" ይላል። አስታማሚ ከሆነ፣ እሱ ከጨረሰ በኋላ ለታማሚው ብቻ የሆነ ቦታ ይከፈታል። ከላዩ ላይ "ማንም አያይዎትም" የሚል ተጽፏል።

ያንን ኪኒን ዳግመኛ መውሰድ ስለማልችል ልቤን በሌላ መድኃኒት ካረጋጉልኝ በኋላ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና ወጣች። አንገቴ ላይ ቀጭን መስመር ቀርታለች። በዕጢዋ ፈንታ በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ ኪኒን እውጣለሁ፤ ይቺኛዋ ነጭ ሕዋስ አትነካም። ክብደቴ ተመልሷል፤ ቀሚሴ እንዲያውም ጠቦኛል። ሰው ፊት አሁንም አፍራለሁ። እሱ በሽታ አልነበረም፤ መድኃኒትም አላገኙለትም፤ አልፈልግምም። ብቻ እናንተ አደራ፣ የሰውነታችሁን ነገር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መናገር ካቃታችሁ ጻፉት።

ባለፈው ሳምንት የቪዲዮ ቀጠሮዬ ነበር። የበርበሬ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ዶክተሩን አነጋገርኩ። እቴቴ አጠገቤ ሆና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አመለጣት። ስልኩን ስዘጋው እጇን ከአፏ አነሳች፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ወደ እኔም ጠጋ አለችና እንዲህ አለችኝ፦

"በይ አሁን እኔን መዝግቢኝ። የወገቤን ነገር ከሥር ከመሠረቱ እነግረዋለሁ። አንቺ ግን በአንዲት ቃል እንኳ እንዳትገቢብኝ!"